ስቶን፣ ፓውንድ፣ ኪሎ፦ አንዱን ክብደት በሦስት ቁጥር ማንበብ

እንግሊዝ አገር ዘመድ ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ስልክ ይደወላል፣ ጤና ይጠየቃል፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ውፍረትና ቅጥነት ላይ ይደርሳል። «አሁን አሥራ አንድ ስቶን ከስድስት ነኝ» ይላል የለንደኑ። አሜሪካ ያለው ወንድሙ «እኔ 160 ፓውንድ ነኝ» ይላል። አዲስ አበባ ያለው ደግሞ 72 ኪሎ ተኩል ነው። ማን ወፈረ? ማንም። 11 ስቶን ከ6 ፓውንድ፣ 160 ፓውንድ እና 72.6 ኪሎ አንድ ክብደት ናቸው።

ሦስቱን ማመሳከር ከባድ አይደለም። አንዴ ከገባችሁ በጭንቅላታችሁ ትሠሩታላችሁ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ቁጥሩ ብቻውን ተጽፎ በምን እንደተለካ ሳይጻፍ ሲቀር ሻንጣ ይመለሳል፣ ገንዘብ ይጎድላል፣ ሕፃን የማይገባውን ያህል መድኃኒት ይወስዳል። ስለዚህ ስሌቱን እናያለን፣ ከዚያ ደግሞ ስህተቱ የሚያመጣውን ጣጣ።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንያዝ። 1 ኪሎ 2.2046 ፓውንድ ነው። 1 ፓውንድ 453.6 ግራም ነው፤ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ያንሳል። 1 ስቶን 14 ፓውንድ ነው፤ በኪሎ 6.35። ፓውንድ ደግሞ በ16 ኦውንስ ይከፈላል፤ አንዱ ኦውንስ 28.35 ግራም ነው። ከነዚህ ሁሉ በቃል መያዝ የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ብቻ ናቸው፦ 2.2 እና 14። ሚዛን ወይም ማሸጊያ ላይ ኤል እና ቢ የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ካያችሁ ፓውንድ ማለት ነው። ኤስ እና ቲ ከሆነ ስቶን ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስቶን ላይ ነው። ኪሎ በአሥር በአሥር ይሄዳል፤ 72.5 ስንል ሁላችንም ይገባናል። ስቶን ግን የሚሞላው በ14 ነው። 11 ስቶን ከ13 ፓውንድ የሆነ ሰው አንድ ፓውንድ ሲጨምር 12 ስቶን ይሆናል። ልክ 2፡30ን «ሁለት ሰዓት ተኩል» እንጂ «ሁለት ነጥብ ሦስት» እንደማንለው ማለት ነው። ስምንት ስቶን ተኩልም 8 ስቶን ከ7 ፓውንድ ነው፤ በኪሎ 54 አካባቢ።

ሰው ግን ለመቸኮል ብሎ 11 ስቶን ከ10 ፓውንድን 11.10 ብሎ ይጽፋል። ካልኩሌተሩ ይህን አሥራ አንድ ከአንድ አሥረኛ ብሎ ነው የሚያነበው። ልዩነቱን እዩት። 11 ስቶን ማለት 154 ፓውንድ ነው። 10 ስትጨምሩበት 164 ይሆናል፤ በኪሎ 74.4። 11.1 ስቶን ግን 155.4 ፓውንድ ነው፤ በኪሎ 70.5። በአንዲት ነጥብ ምክንያት አራት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ክብደት ጠፋ። ክብደት ለመቀነስ ወር ሙሉ ሲለፋ የከረመ ሰው እንዲህ ባለ ስህተት ሲደሰት ወይም ሲያዝን ያሳዝናል። ስለዚህ በስቶን የተነገራችሁን ሁሉ መጀመሪያ ወደ ፓውንድ አውርዱት። ስቶኑን በ14 አባዙ፣ ትርፉን ፓውንድ ጨምሩ። ከዚያ በኋላ በሰላም ወደ ኪሎ ትሄዳላችሁ።

አሁን ካልኩሌተሩን አስቀምጡት። ኪሎን ወደ ፓውንድ ለመቀየር እጥፍ አድርጉት፣ ከዚያ የእጥፉን አንድ አሥረኛ ጨምሩበት። 70 ኪሎ ቢሆን እጥፉ 140፣ አንድ አሥረኛው 14፣ ድምሩ 154 ነው። ትክክለኛው መልስ 154.3 ነው፤ ከዚህ በላይ መቅረብ አያስፈልግም።

ሲመለስ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ፓውንዱን ለሁለት ክፈሉት፣ ከግማሹ ላይ አንድ አሥረኛውን ቀንሱ። 180 ፓውንድ ቢሆን ግማሹ 90፣ ሲቀነስ 9፣ የቀረው 81 ኪሎ። ትክክለኛው 81.6 ነው። ይህኛው ትንሽ ያሳንሳል፤ ስህተቱ ግን ከመቶ አንድ አይሞላም።

ስቶንን በቀጥታ ወደ ኪሎ ለመውሰድ ለሚፈልግ እኔ የምወደው መንገድ አለ። ስቶኑን በ6 አባዙ፣ ከዚያ የስቶኑን ሲሶ ጨምሩ። 12 ስቶን በ6 ሲባዛ 72፣ የ12 ሲሶ 4፣ አንድ ላይ 76 ኪሎ። ትክክለኛው 76.2 ነው። ከኪሎ ወደ ስቶን ግን አቋራጭ አትፈልጉ፤ በፓውንድ በኩል ሂዱ። 75 ኪሎ 165 ፓውንድ ነው። በ165 ውስጥ 14 አሥራ አንድ ጊዜ ይገባል፣ 154 ይሆናል፣ 11 ይተርፋል። ስለዚህ 11 ስቶን ከ11 ፓውንድ ነው።

ለመሆኑ 14 ከየት መጣ? መልሱ የድሮ ገበያ ውስጥ ነው። ስቶን በእንግሊዝኛ ድንጋይ ማለት ነው። የጥንት ሰው የሚመዝነው በድንጋይ ነበር፤ ድንጋዩም እንደየገበያውና እንደየዕቃው ይለያያል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ትልቁ የውጭ ንግድ ሱፍ ነበር። በንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ዘመን የሱፍ ስቶን 14 ፓውንድ፣ የሱፍ ጆንያ ደግሞ 26 ስቶን እንዲሆን ተወሰነ፤ 364 ፓውንድ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ለንደን ስሚዝፊልድ ገበያ ያለው ሥጋ ሻጭ ግን በሱፍ ስቶን አይሠራም ነበር፤ የእሱ ስቶን 8 ፓውንድ ነው። ስኮትላንድ ስትሻገሩ ደግሞ 16 ይሆናል። ገበሬና ነጋዴ በዚህ ምክንያት ምን ያህል ሲጨቃጨቁ እንደኖሩ መገመት አያቅትም። በ1835 የወጣ ሕግ የሱፉን 14 ለሁሉም ዕቃ አደረገው።

ከዚያ 150 ዓመት ቆይቶ፣ በ1985፣ የብሪታንያ የክብደትና የመለኪያ ሕግ ስቶንን ከንግድ መለኪያነት አወጣው። ከሰው አፍ ግን አላወጣውም። ዛሬም ብሪታንያና አየርላንድ ውስጥ ሰው የራሱን ክብደት የሚናገረው በስቶን ነው፤ የፈረስ እሽቅድምድም ጋላቢም የሚመዘነው በስቶንና በፓውንድ ነው። ሆስፒታል ስትገቡ ግን ነርሷ የምትጽፈው በኪሎ ነው። አሜሪካኖች ደግሞ ስቶንን ጭራሽ አይጠቀሙም። ቺካጎ ውስጥ «አሥር ስቶን ነኝ» ብትሉ የሚረዳችሁ የለም።

ሁለቱ አገሮች ቶን ላይም አይስማሙም። የእንግሊዝ የድሮው ቶን 2,240 ፓውንድ ነው፤ 160 ስቶን ማለት ነው፣ በኪሎ 1,016። የአሜሪካው 2,000 ፓውንድ ነው፣ በኪሎ 907። እኛ የምናውቀው ቶን 1,000 ኪሎ ነው። ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ውል ላይ ቶን የሚል ካየ የትኛው ቶን እንደሆነ ሳይጠይቅ ባይፈርም ይሻለዋል።

ፓውንድም ራሱ ሲወዛወዝ የኖረ መለኪያ ነው። የሚገርመው ግን ዛሬ የቆመው በኪሎ ላይ መሆኑ ነው። አሜሪካ ከ1893 ጀምሮ ፓውንዷን የምትወስነው ከኪሎ ተነስታ ነው። በ1959 ደግሞ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ተስማምተው 1 ፓውንድ በትክክል 0.45359237 ኪሎ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ፓውንድ የራሱ ዋና ናሙና የለውም። ኪሎው ቢቀየር ፓውንዱም ስቶኑም አብረው ይቀየራሉ። ስለዚህ ሦስት መለኪያ አለ ስንል እውነቱ አንድ መለኪያና ሁለት የአቆጣጠር ልማድ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ግራ መጋባቱ ግማሽ በግማሽ ይቀንስለታል።

ኪሎውስ ምን ላይ ቆመ? ከ1889 ጀምሮ ፓሪስ አጠገብ ሴቭር በምትባል ቦታ የተቀመጠ፣ ከፕላቲነምና ከኢሪዲየም የተሠራ ትንሽ ሲሊንደር ነበር ኪሎ። የዓለም ሚዛን ሁሉ የሚነሳው ከዚያች ቁራጭ ብረት ነው። ችግሩ በየአገሩ ከተላኩት ቅጂዎች ጋር በየጊዜው ሲመዛዘን ትንሽ ትንሽ ልዩነት እየታየ መጣ። በመቶ ዓመት ውስጥ ከግራም 50 ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። ለስኳር ሻጭ ምንም አይደለም፤ ለሳይንስ ግን ያስጨንቃል። ስለዚህ ከግንቦት 20 ቀን 2019 ጀምሮ ኪሎ የሚወሰነው የፕላንክ ቋሚ ቁጥር በሚባል የተፈጥሮ መጠን ነው። ብረቱ ጡረታ ወጣ። (ይህ ቀንም በፈረንጅ ነው፤ በእኛ ግንቦት 12 ቀን 2011።)

ወደ ዕለት ኑሯችን እንምጣ። ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ሻንጣ ላይ የሚያየው ገደብ 50 ፓውንድ ወይም 23 ኪሎ ነው። ሁለቱ እኩል ይመስላሉ እንጂ አይደሉም፤ 23 ኪሎ 50.7 ፓውንድ ነው። ከባዱ ሻንጣ ደግሞ 70 ፓውንድ ወይም 32 ኪሎ ይባላል። 50 ፓውንድ ላይ ያቆመ ሰው በሁለቱም ገደብ ያልፋል። በኪሎ ለክቶ 23 ላይ ድፍን ያደረገ ግን በፓውንድ በሚቆጥር መዛኝ ፊት ትርፍ ኪሎ ሊባል ይችላል።

የሻንጣ ሚዛን ከሌላችሁ የሰው ሚዛን ይበቃል። መጀመሪያ ብቻችሁን ውጡ፣ ቀጥሎ ሻንጣውን ይዛችሁ፣ ከዚያ ቀንሱ። ለንደን ያለው ዘመዳችን ሚዛኑ በስቶን የሚያሳይ ከሆነ እንዲህ ነው የሚሆነው። ብቻውን 11 ስቶን ከ6፣ ከነሻንጣው ደግሞ 15 ስቶን ድፍን። ሰው እዚህ ላይ ዝም ብሎ 15 ሲቀነስ 11.6 ይልና 3.4 ያገኛል፣ በ6.35 አባዝቶም «21.6 ኪሎ ነው፣ ገና ቦታ አለኝ» ይላል። በፓውንድ ሥሩት። 15 ስቶን 210 ፓውንድ ነው፣ 11 ከ6 ደግሞ 160። ልዩነቱ 50 ፓውንድ፣ በኪሎ 22.7። አንዲት ጥንድ ጫማ ቢጨምር ያልፈዋል። አብዛኞቹ ዲጂታል ሚዛኖች ከሥራቸው መለኪያውን የምትቀይር ትንሽ ቁልፍ አለቻቸው፤ ኪሎ ላይ አድርጎ መመዘን ከዚህ ሁሉ ያድናል።

አሜሪካ ውስጥ ጤፍ በ25 ፓውንድ ከረጢት ይሸጣል። ይህ 11.3 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል ለመሙላት ዘጠኝ ከረጢት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል ማለት ነው፤ ኩንታል 220 ፓውንድ ስለሆነ። ዋጋ የምታነጻጽሩ ከሆነ የአንዱን ፓውንድ ዋጋ በ2.2 አባዙት፣ የኪሎው ይወጣላችኋል።

ቡና ላይ ስንመጣ ነገሩ ከቤት ሚዛን አልፎ የአገር ገቢ ይሆናል። የአረቢካ ቡና የዓለም ዋጋ የሚነገረው ኒውዮርክ ላይ ነው፤ የሚነገረውም በአሜሪካ ሳንቲም ለአንድ ፓውንድ ነው። እኛ አገር ቡና የሚሸጠው በፈረሱላ ነው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ። ወደ ውጭ ሲላክ ደግሞ በ60 ኪሎ ጆንያ ነው፤ በፓውንድ 132.3። ስለዚህ ዜና ላይ «ቡና 300 ሳንቲም ገባ» ሲባል የሰማ አምራች ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ይህን ድልድይ መሻገር አለበት። 300 ሳንቲም 3 ዶላር ነው። ፈረሱላ 37.5 ፓውንድ ገደማ ነው። 3 ሲባዛ 37.5 ወደ 112 ዶላር ይሆናል ለፈረሱላው። ይህ የኒውዮርክ ዋጋ ነው እንጂ አምራቹ እጅ የሚገባው አይደለም፤ በመሀል መጓጓዣም፣ ደላላም፣ ጥራትም አለ። ቢሆንም መነሻውን ማወቅ መብቱ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ የሚገጥም ነገር ልጨምር። የኒውዮርኩ ገበያ ቡና የሚያገበያይበት የአንድ ውል መጠን 37,500 ፓውንድ ነው። ወደ እኛ ስንመልሰው 17,010 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ሺህ ፈረሱላ ይሆናል፤ ትርፉ አሥር ኪሎ ብቻ ነው። ይህን የያዘ ነጋዴ ካልኩሌተር አያስፈልገውም።

ወርቅ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የዓለም የወርቅ ዋጋ በኦውንስ ይነገራል፤ ኦውንሱ ግን ከላይ ያየነው 28.35 ግራም አይደለም። ትሮይ ኦውንስ የሚባል ሌላ ነው፤ 31.1 ግራም ይመዝናል። ወቄት ደግሞ 28 ግራም ገደማ ነው። «ኦውንስና ወቄት ያው ናቸው» ብሎ የተነሳ ሰው በአንድ ወቄት ላይ ከመቶ አሥር አካባቢ ይሳሳታል። ወርቅ ላይ አሥር በመቶ ቀላል ገንዘብ አይደለም። መጀመሪያ ዋጋውን ለ31.1 አካፍሉ፣ የግራሙን አግኙ፣ ከዚያ ወደ ወቄት ሂዱ።

መለኪያ ሲምታታ ምን እንደሚመጣ በደንብ የሚያሳየው ሐምሌ 23 ቀን 1983 ካናዳ ውስጥ የሆነው ነው። የኤር ካናዳ በረራ 143፣ አዲስ ቦይንግ 767፣ ከሞንትሪያል ወደ ኤድመንተን ይሄዳል። ካናዳ ያኔ ከፓውንድ ወደ ኪሎ እየተሸጋገረች ነበር፤ አውሮፕላኑም ነዳጁን የሚቆጥረው በኪሎ ነው። የነዳጁ መቁጠሪያ አልሠራ ስላለ ሠራተኞቹ በእጅ ሊያሰሉ ተገደዱ። የሚያስፈልጋቸው 22,300 ኪሎ ነዳጅ ነው። የአውሮፕላኑ ታንከር ውስጥ 7,682 ሊትር አለ። የአንድ ሊትር ነዳጅ ክብደት 0.803 ኪሎ ስለሆነ፣ ያለው 6,169 ኪሎ ብቻ ነበር፤ ሊጨመር የሚገባው 20,088 ሊትር ነው። እነሱ ግን ያባዙት በ1.77 ነው። 1.77 የሊትሩ ክብደት ነው፣ ግን በፓውንድ። ስሌቱ ያለው ነዳጅ 13,597 ነው አላቸው፤ ፓውንዱን ኪሎ ብለው ወሰዱት። 4,917 ሊትር ብቻ ጨምረው ተነሱ።

ቁጥሩን ደጋግመው አረጋግጠውት ነበር። ማባዛቱም ማካፈሉም ልክ ነው። የጎደለው 1.77 የምን 1.77 ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ነዳጅ ጨርሶ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ካፒቴኑ ያለ ሞተር ሲያንሳፍፉት ቆይተው ጊምሊ በሚባል ቦታ ባለ የቀድሞ የአየር ኃይል ማረፊያ አሳረፉት። 69 ሰው ነበር የተሳፈረው፤ አንድም ሰው አልሞተም።

ቤታችን ውስጥ ይህን የሚመስል ስህተት የሚፈጠረው ሕፃን ሲታመም ነው። የልጅ መድኃኒት የሚታዘዘው በክብደት ነው፤ ስሌቱ ደግሞ ለአንድ ኪሎ ይህን ያህል ሚሊግራም ተብሎ ነው። ፓራሲታሞልን ውሰዱ። በተለምዶ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። አሜሪካ የምትኖር እናት ልጇን ቤት መዝና 22 አገኘች እንበል፤ ሚዛኑ በፓውንድ ነው። ልጁ 10 ኪሎ ነው ማለት ነው፤ ትልቁ መጠኑ 150 ሚሊግራም። 22ን ኪሎ ነው ብሎ የወሰደ ሰው ግን 330 ሚሊግራም ያደርሰዋል። ከእጥፍ በላይ ነው። እሱን በየጥቂት ሰዓቱ መደጋገም ጉበት ይጎዳል። በተቃራኒው 22 ኪሎ የሆነ ልጅ በስህተት ፓውንድ ተብሎ ከተመዘገበ ግማሽ የማይሞላ መድኃኒት ይወስድና ሕመሙ አይለቀውም።

አራስ ሕፃን ላይ ደግሞ የኦውንሱ ጣጣ ይጨመራል። «ሰባት ፓውንድ ከስምንት ኦውንስ ወለደች» ሲባል 7.8 ብላችሁ አትጻፉት። ኦውንስ በ16 ነው የሚሞላው፤ 8 ኦውንስ ግማሽ ፓውንድ ነው። ልጁ 7.5 ፓውንድ ነው፣ በኪሎ 3.4። ክብደቱ ዝቅተኛ ነው የሚባለው ሕፃን ከ2.5 ኪሎ በታች የተወለደው ነው፤ በፓውንድ አምስት ተኩል ገደማ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ከላይ ያየናቸውን የጭንቅላት አቋራጮች አትጠቀሙ፤ ለወሬና ለሻንጣ እንጂ ለሽሮፕ አልተሠሩም። የቤታችሁን ሚዛን ዛሬውኑ ኪሎ ላይ አድርጉት። የክትባት ካርድ ላይም ሆነ ስልካችሁ ላይ የልጁን ክብደት ስትጽፉ «10 ኪሎ» ብላችሁ ጻፉ፤ «10» ብቻ አይበቃም። ክሊኒክ ሄዳችሁ መዛኟ ቁጥር ብቻ ከነገረቻችሁ «በኪሎ ነው በፓውንድ?» በሏት። ፋርማሲ ውስጥም መድኃኒቱን የሚሰጣችሁ ሰው መጠኑን ያሰላው በስንት ኪሎ እንደሆነ ጠይቁት፤ የሚነግራችሁም ቁጥር ካርዱ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ጠርሙሱን ሳትከፍቱ እዚያው አስደግሙት።